የኮምፒውተር ሠዓሊ ሀብት፦ ሥራን መሸጥ ወይስ ማከራየት?

በጎንደር ፒያሳም ሆነ በቅዳሜ ገበያ የፋሲል ግንብን ወይም የደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክት የያዘ የሽሮ፣ የበርበሬ ወይም የማር ማሸጊያ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ነጋዴው ከሸቀጡ ትርፍ ያገኛል። ማተሚያ ቤቱ ባተመው ብዛት ይከፈለዋል። ደላላው ኮሚሽኑን ይወስዳል። ሥዕሉን በኮምፒውተር የሠራው ወጣት ግን የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማሸጊያው አንድ ሺህም ይታተም መቶ ሺህ ለእርሱ ለውጥ የለውም። ምክንያቱ የሙያው ዋጋ ማነስ ሳይሆን ወጣቱ የሸጠው ነገር ምን እንደሆነ አለማወቁ ነው።

ሁለት የተለያዩ ሸቀጦች

አንድ ዲጂታል ሠዓሊ ለገበያ የሚያቀርባቸው ሸቀጦች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ጉልበቱና ሰዓቱ ሲሆን ሁለተኛው በሠራው ሥራ የመጠቀም መብት ነው። ጉልበት በቀን 24 ሰዓት የተወሰነ ነው። መብት ግን የመጀመሪያው ሥራ ካለቀ በኋላ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ደንበኛ ሲሰጥ የሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ ከምንም አይቆጠርም። በምሳሌ ለማስረዳት፣ ግንበኛው የቀን ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ግን በየወሩ ኪራይ ይሰበስባል። ጥሪት የሚፈጠረው በሁለተኛው መንገድ ነው።

መብትን ማከራየት ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። መንግሥት የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞችን በውጭ አገር የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ጥያቄ አቅርቦ፣ ከስታርባክስ ጋር ከተፈጠረው ክርክር በኋላ በ2007 የፈቃድ ስምምነት ላይ መደረሱ ይታወሳል። ክርክሩ የነበረው ስለ ቡናው ኩንታል ሳይሆን ስለ ስሙ ነው።

ዝም ያለ ያጣል

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው) ለወጥ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ተሠርቶ ግዙፍነት ካገኘበት ጊዜ አንስቶ ነው። ምዝገባ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ የመብቱ መነሻ አይደለም። የኢኮኖሚ መብቱ በሠዓሊው ዕድሜ ሙሉና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል።

ይሁንና ብዙዎች ያላስተዋሉት ድንጋጌ አለ። ሥራው የተሠራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ የመጀመሪያው የመብት ባለቤት አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። ስለሆነም በቃል ተስማምቶ፣ ቀብድ ተቀብሎ ማሸጊያ የሚሠራ ወጣት ሳያውቀው ቤቱንም መሬቱንም ሸጧል ማለት ነው። በአንጻሩ ማንም ሳያዘው በራሱ ጊዜ የሣለው የዋልያ ወይም የጭላዳ ሥዕል የራሱ ንብረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት የቀደምት አባቶች ሥራ ስለሆኑ ማንም የግሌ ናቸው ሊል አይችልም። ሠዓሊው የሚያከራየው እርሱ የጨመረውን አዲስ ሥራ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ፎቶ አንስቶ ለሽያጭ ማዋልም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሊሞከር አይገባም።

ሒሳቡ ምን ይላል?

እንበልና አንድ ሽሮ አዘጋጅ ለማሸጊያ ሥዕል 6,000 ብር በአንድ ጊዜ ሊከፍል ፈቀደ። ሠዓሊው ደግሞ 3,000 ብር አሁን፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ከረጢት 25 ሳንቲም ይከፈለኝ አለ። ሁለቱ ውሎች የሚስተካከሉት 12,000 ከረጢት ሲታተም ነው። በዓመት 40,000 ከረጢት ከታተመ ሠዓሊው 10,000 ብር፣ በአምስት ዓመት 50,000 ብር ያገኛል። ሸቀጡ ካልተሸጠ ግን በ3,000 ብር ይቀራል። ትርፉን የሚጋራ ኪሳራውንም ይጋራል።

ነጋዴው ለምን ይስማማል? በሥራ መጀመሪያ ላይ የሚያወጣው ጥሬ ገንዘብ በግማሽ ይቀንስለታል። ከረጢቱ በ150 ብር ቢሸጥ 25 ሳንቲሟ ከዋጋው አንድ ስድስት መቶኛ (1/600) ብቻ ናት። ይሁንና የተቆረጠ ሳንቲም በዋጋ ንረት ስለሚሟሟ ክፍያውን ከመሸጫ ዋጋ በመቶኛ መወሰን ለሠዓሊው ይሻላል።

ሁሉም ሥራ ግን አይከራይም። የድርጅቱ ዋና ምልክት፣ ማለትም ሎጎው፣ ለነጋዴው መጠቅለል አለበት፤ ነጋዴው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት አድርጎ ያስመዘግበዋልና። ስለዚህ ሎጎ በደህና ዋጋ ይሸጥ፤ በማሸጊያ፣ በካላንደርና በቲሸርት ላይ የሚወጣ ሥዕል ደግሞ ይከራይ።

ቱሪስቱ ባይመጣ ሥዕሉ ይሄዳል

ከደባርቅ በላይ ያለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሆኖም ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭት የቱሪስቱን ገበያ ክፉኛ ጎድቶታል። በእንግዳ ላይ የተመሠረተ የቅርጻ ቅርጽና የፖስትካርድ ንግድ እንግዳው ሲቀር ይቆማል። የዲጂታል ሥዕል ግን ገዢው ባለበት አገር ሊታተም ይችላል።

በዚህ ረገድ የኪያ ታደለ «ያጥሬዳ» የተባለው ቤተሰባዊ የጥበብ ቡድን የሚጠቀስ ነው። የትዝታን መንፈስ የተላበሱ ተንቀሳቃሽ ጥቁርና ነጭ ምስሎቹን በዲጂታል ገበያ ከማቅረብ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካው የቶሊዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እንግዳ አርቲስት ለመሆን በቅቷል።

ይሁን እንጂ ኤንኤፍቲ የሚባለው የዲጂታል ሰነድ ገበያ ጥሪት የሚጣልበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የአንድ አሜሪካዊ ሥራ በክሪስቲስ ጨረታ 69 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቢያወጣም በቀጣዩ ዓመት ገበያው ወድቋል። በነሐሴ 2023 ደግሞ ኦፕንሲ የተባለው ትልቅ የመገበያያ መድረክ ሥራው በድጋሚ ሲሸጥ ለፈጣሪው የሚከፈለውን ድርሻ በገዢና ሻጭ ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት አደረገ። በዚያም ላይ ብሔራዊ ባንካችን በ2014 በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን አስታውቋል። ከውጭ ደንበኛ ጋር በጽሑፍ ተዋውሎ ክፍያን በባንክ መቀበል ቀርፋፋ ቢሆንም አስተማማኙ መንገድ ነው። የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ወደ ገበያ መር ከተለወጠ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ መመንዘሩም ለዚህ ሻጭ ጥቅም ነው።

ዋናው ስጋት መስመሩ ነው። በ2015 መጨረሻ በክልሉ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በሰዓቱ የሚከፈለው ሠዓሊ ያን ጊዜ ገቢው ተቋረጠ። ቀድሞ የተፈረመ የኪራይ ውል ያለው ግን ሥራው ያለ እርሱ ሲታተም ሒሳቡ ይጠራቀምለታል።

ከመፈረም በፊት

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ሥዕሉ በየትኛው ሸቀጥ ላይ፣ በየትኛው አገርና ለስንት ዓመት እንደሚውል ይገለጽ። የኅትመቱ ብዛት በማተሚያ ቤቱ ደረሰኝ የሚረጋገጥበት አንቀጽ ይግባ፤ ያለዚያ የ25 ሳንቲሙ ሒሳብ በእምነት ብቻ ይቀራል። ሠዓሊው ዋናውን ፋይል ቀኑን መዝግቦ በሁለት ቦታ ያስቀምጥ።

ነጋዴውም ቢሆን ከኢንተርኔት ወርዶ የተለጠፈ ሥዕል በርካሽ ሲቀርብለት «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መቶ ሺህ ከረጢት ካሳተመ በኋላ ባለመብት ቢመጣበት የሚከስረው እርሱ ነው። ሥዕሉን ጠቅልሎ መግዛት የሚሻም ሊከፍል የሚገባው ከላይ በተመለከትነው ስሌት የአምስት ዓመቱን ኪራይ የሚያክል ዋጋ እንጂ 6,000 ብር አለመሆኑን ይወቅ።