አዲስ ቦይለር ከመተከሉ በፊት አሮጌውን የውሃ መሥመር ስለ ማጽዳት

ነጋዴ የሸጠው ዕቃ በገዢው ቤት የሚቆይበት ዘመን የራሱ የነጋዴው መልካም ስም የሚቆይበት ዘመን ነው። ይህን ነገር ግልጥ አድርገው ከሚያሳዩት ዕቃዎች አንዱ፥ በተለምዶ ቦይለር የሚባለው የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ነው።

በልደታ ክፍለ ከተማ ከቆዩት ቤቶች ጀምሮ እስከ ጋራ መኖሪያ ሕንጻዎቹ ድረስ፥ አሮጌ ቦይለር በአዲስ መለወጥ የዘወትር ሥራ ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው እንደሚከተለው ነው። አሮጌው ቦይለር ማፍሰስ ሲጀምር ባለቤቱ አዲስ ይገዛል፤ የቧንቧ ሠራተኛውም አሮጌውን አውርዶ አዲሱን በዚያው ቦታ ይሰቅላል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን የሙቅ ውሃው ፍሰት ይደክማል፤ ቀጥሎም የማሞቂያው ብረት ይቃጠላል። ገዢው ባለሱቁን ይወቅሳል፤ ባለሱቁ አስመጪውን ይወቅሳል፤ አስመጪውም ፋብሪካውን ይጠራጠራል። ጥፋቱ ግን በግድግዳው ውስጥ ካለው ካልጸዳው መሥመር ሊሆን ይችላል።

ቆሻሻው ከየት ይመጣል?

ቆሻሻው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ዝገት ነው። በቆዩ ቤቶች የሚገኘው የብረት ቧንቧ የተለበጠበት ዚንክ ባለቀ ጊዜ ብረቱ ይዝጋል። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር መሥመሩ ባዶ ሲሆን አየር ይገባዋል፤ ውሃው በኀይል ሲመለስ ደግሞ ዝገቱን ፈንቅሎ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው በጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ሥር የሚረጋው ደለል ነው። ሦስተኛው ኖራ ነው። በውሃ ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ማዕድን ውሃው ሲሞቅ ተለይቶ ይወጣና፥ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው ነጭ ቅርፊት ይሆናል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚቀዳው የከርሰ ምድር ውሃ ከለገዳዲው የግድብ ውሃ ይልቅ ይህ ማዕድን ይበዛበታል።

የኖራ ቅርፊት የማሞቂያውን ብረት በሸፈነው ጊዜ ሙቀቱ ወደ ውሃው በቀላሉ አያልፍም፤ ስለዚህ ብረቱ ራሱን ከመጠን በላይ አግሎ ይቃጠላል። ዝገትና ደለል ደግሞ የደኅንነት ቫልቩን ይደፍናሉ፤ ይህም ከገንዘብ ኪሳራ አልፎ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ቤታቸውን በሙቅ ውሃ ራዲያተር በሚያሞቁ አገሮች ይህ ጉዳይ በደንብ የተያዘ ነው። በብሪታንያ ቢ.ኤስ. 7593 የተባለው የሥራ ደንብ፥ አዲስ ቦይለር ሲተከል አሮጌው መሥመር እንዲጸዳና እንዲታጠብ ያዝዛል። በእነርሱ ዘንድ አንዱ ውሃ በዝግ መሥመር ይዞራል፤ በአዲስ አበባ ቤቶች ግን በየቀኑ አዲስ ውሃ ስለሚገባ፥ ከማጽዳቱ ጋር ማጣሪያ መጨመር ግድ ይሆናል።

የሥራው ተራ

፩ኛ፤ ኤሌክትሪኩ ከዋናው ማጥፊያ ይቋረጣል። የቀዝቃዛው ውሃ መዝጊያ ይዘጋል፤ ውሃው እስኪበርድ ተጠብቆ አሮጌው ቦይለር ይራገፋል፤ ከዚያም ይወርዳል።

፪ኛ፤ ሮቶው ተራግፎ ይታጠባል። ይህ ሳይደረግ ቧንቧውን ማጠብ ደለሉን መልሶ ማስገባት ነው።

፫ኛ፤ ቦይለሩ በወረደበት ቦታ የቀዝቃዛውና የሙቁ ቧንቧ ጫፎች በተጣጣፊ ቱቦ ይገናኛሉ። የየቧንቧው አፍ ወንፊት ይፈታል፤ ውሃው በሙሉ ኀይሉ ይለቀቃል። ከየቧንቧው በነጭ ብርጭቆ ተቀድቶ ሲያድር ዝቃጭ ካልታየበት ታጥቧል ማለት ይቻላል። ውሃው ቀይ ሆኖ ከቀጠለ ግን ብረቱ ራሱ አልቋልና ቧንቧውን መለወጥ ይሻላል።

፬ኛ፤ በመዳብ ወይም በፕላስቲክ ቧንቧ የያዘ ኖራ በውሃ በተበጠበጠ የሎሚ አሲድ ይለቀቃል፤ ከዚያም በብዙ ውሃ ይታጠባል። አሲድ የዚንኩን ልባስ ስለሚበላ በብረት ቧንቧ ውስጥ አይጨመርም። አሲድና በረኪና በአንድነት ከተቀላቀሉ መርዛም ጋዝ ስለሚወጣ ከቶ ሊደባለቁ አይገባም።

፭ኛ፤ በቀዝቃዛው ውሃ መግቢያ ላይ ማጣሪያ ይገባል፤ አዲስ ጎሚኒና አዲስ የደኅንነት ቫልቭ ይታሰራል። የአሮጌውን ቫልቭ ለአዲሱ ማዋል ክፉ ቁጠባ ነው። ቦይለሩ ሞልቶ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ አየር የሌለበት ውሃ ሳይወርድ ኤሌክትሪክ አይከፈትም፤ ባዶውን የበራ ማሞቂያ ፈጥኖ ይቃጠላልና።

የነጋዴው ድርሻ

በብዙ ቦይለሮች ውስጥ የማግኒዥየም ዘንግ አለ። ይህ ዘንግ በጋኑ ብረት ፈንታ ራሱ እየተበላ ጋኑን ከዝገት ይጠብቃል፤ ስለዚህ በየዓመቱ እየታየ ሲያልቅ መለወጥ አለበት። አስመጪው ቦይለር ሲያዝ ይህን ዘንግ፥ የማሞቂያውን ብረትና ጎሚኒውን በመለዋወጫነት አብሮ ቢያዝ፥ በአነስተኛ ዕቃ መጥፋት ምክንያት ሙሉ ቦይለር አይጣልም፤ ለሌላ ቦይለር የሚወጣው የውጭ ምንዛሪም ይተርፋል።

ባለሱቁ በበኩሉ ቦይለር ሲሸጥ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃል፤ የቤቱ ቧንቧ ከምን የተሠራ ነው? ሮቶው መቼ ታጠበ? አሮጌው ቦይለር በምን ምክንያት ተበላሸ? መልሱን ሰምቶ ማጣሪያውንና ቫልቩን አብሮ ያቀርባል፤ መሥመሩ ሳይታጠብ የተተከለ ቦይለር በዋስትና እንደማይሸፈንም ከሆነ፥ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት በደረሰኙ ላይ በግልጥ ይጽፋል። ከሽያጭ በኋላ የሚነገር የዋስትና ገደብ ለገዢው ማመካኛ መስሎ ይታየዋልና።

መሥመሩን ማጠብ የአንድ ቀን ድካም ቢጠይቅ ነው። ይህን ድካም ፈርቶ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ገዢውን አስተምሮ የሚሸጥ ግን ጎረቤቱንም ደንበኛ ያደርጋል።