ወጣት ጥፋተኛ ከክፉ መንገድ ስለሚመለስበት ደጅ

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ትምህርት የምናወሳው ሰው ምናልባት በሱቅህ ደጃፍ ቆሞ አይተኸው ይሆናል። ከዕቃህ ሰርቆ የታሰረው የጎረቤትህ ልጅ ቅጣቱን ጨርሶ ተመልሷል። ሰላምታ ያቀርብልሃል፤ ሥራም ይለምንሃል። አንተም በአንድ ወገን ስለ ገንዘብህ መስጋት፥ በሌላ ወገን አላህን መፍራት ይዞህ የምትመልስለትን ታጣለህ። ስለዚህ ከቀደሙት ዑለማ ዘገባና ይህን ጉዳይ በዘመናችን ከመረመሩ ሰዎች ሥራ አንድ ነገር ልናሳይህ ወደድን። ይኸውም ወጣት ጥፋተኛ ከክፉ ሥራው የሚለየው በልቡ በመጸጸቱ ብቻ እንዳይደለ፥ ተጸጽቶ ሲመጣ የሚቀበለው ሥራና ቤት፥ መልካም ባልንጀራም ሲያገኝ መሆኑን ነው።

ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሩት፥ ፉደይል ኢብን ዒያድ በወጣትነቱ በኾራሳን አገር፥ በአቢወርድና በሰረኽስ መካከል ባለው መንገድ ላይ ሲራራ ነጋዴዎችን የሚዘርፍ ሽፍታ ነበረ። አንድ ሌሊት ወደሚወዳት ሴት ለመድረስ ግንብ ሲወጣ ቁርአን የሚቀራ ሰው ድምፅ ሰማ። የሚቀራውም ከሱረቱል ሐዲድ ምእመናንን ስለ ልባቸው መድረቅ የሚወቅሰው ክፍል ነበረ። ፉደይልም ከግንቡ ወረደ። እስከዚህ ያለውን ሰው ሁሉ ይተርከዋል፤ ቀጥሎ የሆነውን ግን ብዙው ሰው ዘሎት ያልፋል፤ ለእኛ ትምህርት የሚበልጠው ግን እርሱ ነው። ፉደይል ሊያድር ወደ አንድ ፍርስራሽ ቤት ቢጠጋ መንገደኞች በዚያ ሰፍረው አገኘ። ከፊሎቹ አሁኑኑ እንጓዝ ሲሉ፥ ከፊሎቹ ደግሞ ፉደይል መንገድ ላይ ስለሚጠብቀን እስኪነጋ እንቈይ ብለው ሲከራከሩ ሰማ። እነሆ፥ ልቡ ተመልሷል፤ ስሙ ግን ገና በመንገዱ ላይ ቆሞ ሰውን ያሸብር ነበር። ያን ጊዜ ምን ያህል ሰው ሲፈራው እንደ ኖረ አውቆ ደነገጠ፤ መንገደኞቹንም ደኅና ናችሁ ብሎ አረጋጋቸው።

ከዚህ በኋላ (እንግዲህስ በአክብሮት ልንጠራቸው ይገባል) አገራቸውን ለቀው ወደ ኩፋ ሄዱ። የሐዲስ ሊቃውንትም በማስተማሪያ ክበባቸው ውስጥ ስፍራ ሰጥተው አስተማሯቸው። ኋላም በመካ ኖረው በ187 ዓመተ ሂጅራ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ803 ዓ.ም. ሞቱ። ከእርሳቸው ሐዲስ ከተቀበሉት አንዱ ኢማም ሻፊዒይ ናቸው። የኩፋ ሊቃውንት ይህ ሰው ትናንት ሽፍታ ነበረ ብለው ደጃቸውን ዘግተውባቸው ቢሆን ኖሮ፥ ፉደይል ወዴት ይመለሱ ነበር? ወደሚያውቁት መንገድ አልነበረምን?

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዚያን 99 ነፍስ ያጠፋ ሰው ነገርም አስታውስ። ተውበት እንዳለው ሊጠይቅ ወደ አንድ ሰው ሄደ፤ ያ ሰው ዒባዳ የሚያበዛ፥ ዕውቀት ግን የጐደለው ነበረና የለህም አለው። ገዳዩም እርሱን ገድሎ 100 ሞላ። ቀጥሎ የጠየቀው ዐሊም ግን በአንተና በተውበት መካከል የሚገባ ማነው ካለው በኋላ፥ ይህ አገርህ ክፉ ነውና ለቀህ አላህን ከሚገዙ ሰዎች ጋር ኑር ብሎ መከረው። አስተውል፤ ዐሊሙ ተስፋ ብቻ ሰጥቶ አላሰናበተውም፤ የሚሄድበትን ቦታና አብረውት የሚኖሩትን ሰዎች ጭምር ነገረው።

በዘመናችንም ነገሩን ከሃይማኖት ሳይሆን ከምርመራ የጀመሩ ሊቃውንት ወደዚህ የሚቀርብ ነገር አግኝተዋል። በአሜሪካ በቦስቶን አካባቢ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1924 እስከ 1932 ዓ.ም. የተወለዱ፥ በጥፋታቸው ወደ ማረሚያ ትምህርት ቤት የተላኩ 500 ወንዶች ልጆች ነበሩ። ታሪካቸውን ሸልደንና ኤሊኖር ግሉክ የተባሉ ባልና ሚስት መዘገቡት። ከብዙ ዓመት በኋላ ጆን ላውብና ሮበርት ሳምፕሰን የተባሉ መምህራን መዝገቡን ከተቀመጠበት አንሥተው፥ ከነዚያ ልጆች 52ቱን ሽማግሌዎች ከሆኑ በኋላ ፈልገው አነጋገሩ፤ ያገኙትንም በ2003 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጡት። ከጥፋት የራቁትን ብዙዎቹን የረዳቸው መልካም ትዳር፥ የማይቋረጥ ሥራ፥ ወታደርነትና ከቀድሞ ሰፈርና ከቀድሞ ባልንጀራ መለየት ነው። ሚስት ማታ የት አመሸህ ትላለች፤ አሠሪም ጧት ለምን ዘገየህ ይላል፤ በዚህ መካከል ለክፋት የሚተርፍ ሰዓት ያንሳል። ደግሞም ከልጅነት ጠባይ ብቻ ተነሥቶ ይህ ይመለሳል፥ ያ አይመለስም ብሎ አስቀድሞ መለየት እንደማይቻል አረጋገጡ። እንግዲህ ይህ ልጅ ከጥንቱም አይረባም የምንል ሰዎች ይህን ከየት አወቅነው?

ማስፈራራት ይበቃል የሚል አባትም አለ። በዚያው አገር ወጣቶችን ወደ ወህኒ ቤት እየወሰዱ በከባድ እስረኞች ማስፈራራት ተሞክሮ ነበር። ሊቃውንት 9 እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን አሰባስበው ቢመረምሩ፥ የተወሰዱት ልጆች ካልተወሰዱት ይልቅ ወደ ጥፋት አዘንብለው ተገኙ።

(የተርጓሚው ማስታወሻ፦ በአገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም ከጐልማሳ ጥፋተኞች ጋር እንዳይታሰር ይከለክላል።)

ይህን ስንል ግን ፍርድ ይቅር ማለታችን አይደለም። የተሰረቀውን ለባለቤቱ መመለስ ከተውበት ሸርጦች አንዱ ነው፤ የተበደለውም ሰው እንባ ከበዳዩ እንባ አያንስም። ሱቅህን ከፍተህለት ተኛም አላልንህም። መጀመሪያ የተቈጠረ ዕቃ አሸክመው፤ ደመወዙን በቀኑ ክፈለው፤ ትናንት ያደረገውን በደንበኛ ፊት አታንሣበት፤ ከሶላት ስትመለስ አብሮህ ይምጣ።

በልጅነቴ ቁርአን በምቀራበት ቤት ከእኛ ከደረሶቹ በዕድሜ ከፍ ያለ አንድ ልጅ ነበረ፤ ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ጣቃ ሰርቆ ተያዘና ታሰረ። በተፈታ ጊዜ ከጐረቤቱ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ነጋዴው ራሱ ግን ጣቃ ተሸካሚ አድርጎ ቀጠረው፤ የጠፋውንም ዋጋ ከደመወዙ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስ ጀመር። በሦስተኛው ወር ልጁ እንደገና ሰረቀ፤ የወሰደው ጥቂት ነበረ፤ ቢሆንም ሰረቀ። ገበያተኛው ሁሉ አላልንህም ነበርን አለ። ነጋዴውም አንድ ቀን ሙሉ ሳያናግረው ዋለ፤ በማግስቱ የዕዳውን መዝገብ አውጥቶ አዲሱን ጥፋት ከአሮጌው በታች ጻፈና በል ሥራህን ጀምር አለው። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ የገንዘብ ሣጥኑን ቍልፍ የሰጠው ግን በአራተኛው ነበረ።