ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርትና ምግባችን

ልጅ በተወለደበት ቤት እልልታና ገንፎ አይጠፋም። አንዳንድ ጊዜ ግን በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል አራሷ ታለቅሳለች። ጠያቂ «ምን ጎደለሽ?» ሲላት መልስ ታጣለች። ይህን ትምህርት ባልና ሚስት አብራችሁ አንብቡት።

ሕመሙ እንዴት ይታወቃል?

በወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆድ መባስና ማልቀስ በብዙ እናቶች ላይ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላት፣ ለልጇ ያላት ስሜት ከቀዘቀዘ ድብርት ሊሆን ይችላል። ድብርት ስንፍናም እርግማንም አይደለም፤ የሚታከም ሕመም ነው።

ምግብ ምን ይረዳል?

የደም ማነስ ያለባት እናት ቶሎ ትደክማለች፤ ስሜቷም ይከፋል። ስለሆነም ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ከተገኘም ሥጋና እንቁላል ትመገብ። ከምግቡ ጋር ብርቱካን ወይም ቲማቲም ቢኖር ሰውነት በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት በደንብ ይወስዳል። ቡናና ሻይ ግን ይህንኑ ስለሚቀንሱ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሆነ የምትጾም እናት ከጤና ባለሙያና ከንስሐ አባቷ ጋር ትማከር።

የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል

የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመክራል። የደም ማነስ በሚበዛበት አካባቢ ከወሊድ በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ብረቱን መውሰድ ይጠቅማል። እንክብሉ ሰገራን ቢያጠቁር አትደንግጡ። ይሁን እንጂ ለሕፃናት አደገኛ ስለሆነ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።

ጥንቃቄ

እንክብሉ የደም ማነስን ያክማል፤ የድብርትን ሕክምና ግን አይተካም። ከዚህም ሌላ ዘመድ ከውጭ አገር «ለጭንቀት ጥሩ ነው» ብሎ የሚልከው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ የዕፅ እንክብል አለ። ይህ እንክብል የሚዋጠውንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ያዳክማል፤ ያላሰባችሁት እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ማናቸውንም እንክብል ከመጀመራችሁ በፊት ለክሊኒኩ ባለሙያ አሳዩ።

የባል ድርሻ

ሌሊት ሕፃኑን ተቀበላት፤ ትንሽ ትተኛ። ምግቧን አቅርብላት፤ «በርቺ» ብቻ ከማለት ስሜቷን ጠይቃት። ራሷን ወይም ልጇን ለመጉዳት እንደምታስብ ከተናገረች ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዳት።

ለውይይት

1. በቤታችን ቡና የሚጠጣው ከምግብ በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ነው?
2. በአሁኑ ጊዜ ከምንወስዳቸው እንክብሎች ውስጥ ለባለሙያ ያልነገርነው አለ?