በበጎ አድራጊ ስም የተሰየሙ ትምህርት ቤቶች ታሪክና ለሰበካ የሚሰጡት ትምህርት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ አዲስ ዓለምን አዲስ መናገሻ ለማድረግ አስበው ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። መናገሻነቱ ሳይጸና ቢቀርም፣ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ የአዲስ ዓለም ማርያም መቅደስ ሆነ። የሰጪው አሳብ ተለወጠ፤ ስጦታው ግን የሚጠብቀው አገልጋይና ምእመን ስላገኘ እስከ ዛሬ ቆየ። የትምህርት ቤቶችም ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

በአብነት ትምህርት ቤት ልማድ ጉባኤ ቤቱ የሚታወቀው በቦታው ወይም በመምህሩ ስም ነው። የቆሎ ተማሪውን የሚመግበው መንደሩ በመሆኑ የአንድ ሰጪ ስም ጎልቶ አይነሣም። በመሥራች ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት የተለመደው ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ነው። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን ተከፈተ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት ከግል ሀብታቸው አቋቋሙ፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በኃላፊነት መሩት። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ በእቴጌ መነን ስም የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተፈሪ መኮንን «እንጦጦ»፣ እቴጌ መነን «የካቲት 12» ተባሉ። 11ኛና 12ኛ ክፍል «መሰናዶ» በተባለበት ዘመን ምኒልክና የካቲት 12 የመሰናዶ ትምህርት ቤቶች ሆኑ፤ እንጦጦም ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አዘነበለ። ስም ተለዋወጠ፣ ማስተማር ግን አልተቋረጠም፤ ምክንያቱም የመምህራኑ ደመወዝ ከመሥራቾቹ ኪስ ወጥቶ በመንግሥት በጀት ላይ ቆሞ ነበር።

የሰበካ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ በጀት የለውም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆኑ ቤተ ክርስቲያን ነባር የገቢ ምንጮቿን ማጣቷ ይታወሳል። በአንድ የገቢ ምንጭ ብቻ የተደገፈ ሥራ ምንጩ ሲደርቅ ይናጋል፤ ምንጩ አንድ በጎ አድራጊ ሲሆንማ አደጋው የባሰ ነው። ሰውየው ሲታመም፣ ሲሰደድ ወይም ሲያርፍ ሕንፃው ይቀራል፤ መምህሩ ግን ያለ ደመወዝ አይቀመጥም። ጉዳቱም የሚያርፈው በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ ክፍል በተዘጋበት ሕፃን ላይ ነው።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤ ስጦታን ሲቀበል ሦስት ነገር ያስቀድም። አንደኛ፣ የስጦታው ቃል በጽሑፍ ይሁን፤ ቦታውና ሕንፃው በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ይመዝገብ፤ ወራሾችም ይወቁት። ሁለተኛ፣ ከሕንፃው ወጪ ጎን ለጎን የመምህራን ደመወዝና የጥገና ወጪ ከየት እንደሚመጣ ይወሰን። ሦስተኛ፣ ሒሳቡ በየዓመቱ ተመርምሮ ለምእመናን ይነበብ።

በጎ አድራጊን በስም ማክበር ተገቢ ምስጋና ነው። ስሙን የሚያስከብረው ግን በበሩ ላይ ከተጻፈው ይልቅ በውስጡ የሚሰጠው ትምህርት ነው።

ለውይይት፦
1. በሰበካችን ያለው ትምህርት ቤት ዋና ረዳቱ ቢለየው ስንት ወር ይቆያል?
2. የቦታውና የሕንፃው ሰነድ በማን ስም ነው? የትስ ይቀመጣል?
3. ምእመናን በአነስተኛ ነገር ግን በማይቋረጥ መዋጮ የትኛውን ወጪ ሊሸፍኑ ይችላሉ?