ቀዩን ኮት ሳታይ አትግዛ

ልጄ፣ የእንግሊዞችን የቀበሮ አደን የሚያሳዩ አሮጌ አልበሞች መሰብሰብ እንዳማረህ ሰማሁ። ጥሩ አምሮት ነው፤ ግን ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ዓይንህን አሠልጥን።

1. ሻጭ «የውሃ ቀለም ነው» ስላለህ ብቻ ኪስህን አትዳብስ። ሠዓሊው በብሩሽ የሣለው ሉህ አለ፤ በአኳቲንት ከመዳብ ሰሌዳ ታትሞ ከዚያ በእጅ ቀለም የተቀባ አለ፤ በማሽን የታተመም አለ። በገበያው አብዝተህ የምታገኘው ሁለተኛውን ነው፤ እሱም ቢሆን አይናቅም። ማጉያ መነጽርህን በሥዕሉ ሰማይ ላይ አድርግ። ከቀለሙ ሥር እንደ ደቃቅ አሸዋ የተበተነ ነገር ካየህ አኳቲንት ነው። ነጠብጣቦቹ በሰልፍ ከተደረደሩ በኋለኛው ዘመን በማሽን የታተመ ስለሆነ መልሰህ አስቀምጠው።

2. ቀዩን ኮት መርምር። ፈረሰኞቹ የሚለብሱት ይህን ነው፤ የጊዜውም የአጭበርባሪውም ዱካ እዚያ ላይ ይታያል። ከነፍሳት የሚሠራው ካርሚን ብርሃን ሲበዛበት ይገረጣል። ኮቱ ገርጥቶ ሰማዩም ሰማያዊነቱን ካጣ፣ ሥዕሉ ለረጅም ጊዜ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር ማለት ነው። ኮቱ እንደ አዲስ ቢያበራ ወዲያው አትጠርጥር፤ ተዘግቶ የኖረ አልበም ቀለሙን ይጠብቃል። ይልቅ የወረቀቱን ቡናማ ነጠብጣቦች ፈልግ። ቀለሙ በነጠብጣቡ ላይ ተደርቦ ከተቀባ፣ ሥዕሉ ቀለም ሳይቀባ ኖሮ ቅርብ ጊዜ ዋጋው እንዲወደድ የተቀባ ነው። ቀለሙ የቆየ መሆኑን ለማወቅ በትይዩ ገጹ ላይ የቀለም ጥላ መኖሩንም እይ። የአንዱ ቅጂ ኮት ከሌላው ትንሽ ቢለይ ግን አይግረምህ፤ በእጅ የተቀባ ነገር አንድ ዓይነት አይወጣም።

3. ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሣው። ዋትማን የተባለው ወረቀት ብዙ ጊዜ ስሙና ዓመቱ ውስጡ ታትሞበት ይገኛል። መጽሐፉ 1821 ብሎ ወረቀቱ 1832 ካለ፣ በአሮጌው ሰሌዳ በኋላ የታተመ ነው። ይህ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው እትም ዋጋ ግን አይገባውም።

4. ሥዕሎቹን ቁጠር። በ1842 የወጣው «ዘ ላይፍ ኦቭ ኤ ስፖርትስማን» የሠዓሊው ሄንሪ አልከን 36 ባለ ቀለም ሥዕሎች ሊኖሩት ይገባል። ነጋዴዎች ሥዕሎቹን ቆርጠው በፍሬም ስለሚሸጡ ጎዶሎ ቅጂ ሞልቷል። እኔ ይህን ንግድ እጠላዋለሁ።

5. «ኤች አልከን» የሚል ፊርማ ብቻውን አያስተማምንም። አባትየው ሄንሪ በ1851 ሞቷል፤ ልጁ ግን በአባቱ አኳኋን እየሣለ በተመሳሳይ መንገድ ይፈርም ነበር።

6. ገንዘብህ ካነሰ በላዮኔል ኤድዋርድስ ወይም በሴሲል አልዲን መጻሕፍት ጀምር። የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች ናቸው፤ የእንግሊዝን እርጥብ ሰማይ እንደ ኤድዋርድስ የሣለ የለም ብዬ አምናለሁ።

7. «አደኑ ጭካኔ አይደለም ወይ?» የሚልህ ይመጣል። ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በውሾች ቀበሮ ማደን በ2004 በወጣው ሕግ ታግዶ፣ እገዳው ከየካቲት 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ግን ሥዕሎቹን ራሳቸውን አሳየው። አልከን «ቤን ታሊሆ» በሚል የብዕር ስም በአዳኞቹ ላይ ያሾፍ ነበር፤ ከፈረስ ወድቆ ጭቃ ውስጥ የተዘፈቀ ባለጸጋ መሣል ደስ ይለዋል።

8. አልበሙን ጨለማና ደረቅ ቦታ አኑረው፤ ጣራ ሥርም ምድር ቤትም አይሁን። ከመደርደሪያ ስታወርድ ጀርባውን ከላይ ይዘህ አትሳብ፤ መሃሉን ያዝ። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር የሚያጣብቅ ሰው ቤትህ ካለ ቁልፍ አትስጠው።

9. አንተ ቨርጂኒያ ነህ፤ ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ሚድልበርግ ሂድ። ናሽናል ስፖርቲንግ ላይብረሪ የሚባለው ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም እዚያ ነው፤ ከተማዋም የቀበሮ አደን አገር ናት። ቀድመህ ደውለህ ቀጠሮ ያዝ፤ እጅህን ታጥበህ ግባ፤ እስክሪብቶ ትተህ እርሳስ ያዝ። አንድ ሙሉ የአልከን ጥራዝ አስወጥተህ ኮቶቹን በማጉያ መነጽር ተመልከት። ከዚያ በኋላ ጨረታ ቤት ልትገባ ትችላለህ።