የማይዝግ ብረትም ይዝጋል

ኮልቾ በደቡብ ኦሞ የምትገኝ የካሮ ሕዝብ መንደር ናት። መንደሯ ያለችው ከኦሞ ወንዝ በላይ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ነው። ከወንዙ ውሃ ለመቅዳት ገደሉን መውረድና መውጣት ግድ ነው። በኦሞ ወንዝ ደግሞ አዞ አለ። እንዲህ ላለ መንደር የእጅ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ ትልቅ ሀብት ነው። ፓምፑ ከተሰበረ ሴቶችና ልጆች ወደ ወንዙ ይመለሳሉ።

ፓምፕን ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ ዝገት ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ረጅም የብረት ዘንግ አለ። እንደ ቤት ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ከሆነ፣ ጨዋማ ውሃ ዚንኩን ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ራሱ ይበላል፤ ውሃውም ይቀላል። ስለዚህ ዘንጉ ከማይዝግ ብረት ቢሠራ ይሻላል።

የማይዝግ ብረት ከ100 እጅ ቢያንስ 10.5 እጅ ክሮምየም የሚባል ማዕድን አለበት። ክሮምየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ ዓይን የማያየው ስስ ቆዳ ያበጃል። ቆዳው ቢጫር እንደ ቁስል መልሶ ይሽራል። ጨው ሲጠራቀምበት ግን ይበሳል።

ታዲያ ጨው የሚጠራቀመው የት ነው? ሻካራ ቦታ ላይ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ዱቄት ይዞ ያስቀራል፤ የወንዝ ጠጠር ግን በአንድ ውሃ ይጠራል። ብረትም እንዲሁ ነው። ልሙጡ ከሻካራው ይልቅ ዝገትን ይቋቋማል።

ዕቃውን ስትገዙ ወይም ስታስጠግኑ ይህን አስተውሉ፦

1. ብረቱን በጣታችሁ ዳብሱት። ልሙጡን ምረጡ።
2. የተበየደውን ቦታ እዩ። በእሳት ጠቁሮ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ዝገት ከዚያ ይጀምራል። በያጁ አጽድቶ ያለስልሰው።
3. በተራ የብረት ብሩሽ አትፈትጉት። የብሩሹ ብናኝ ተጣብቆ ይዝጋል። በጨርቅና በንጹሕ ውሃ እጠቡት።
4. ውሃችሁ በጣም ጨዋማ ከሆነ ሞሊብዲነም የተጨመረበትን ብረት ጠይቁ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ዕድሜው ግን ይረዝማል።

እንግዲህ «የማይዝግ» የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም። የብረቱን ቆዳ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ጥያቄዎች
1. ሻካራ ብረት ቶሎ የሚዝገው ለምንድን ነው?
2. በመንደራችሁ ቶሎ የሚዝገው ዕቃ የትኛው ነው? ምክንያቱን ተወያዩበት።