የአፍ ካንሰር ውጤት ላይ የሰፈረው ቁጥር ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲጋራ አጭሰዋል። ምላሳቸው ጎን ላይ የወጣው ቁስል አልድን ሲል ናሙና ተወስዶ «ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ» ተባለ። ወረቀቱ ላይ «ኬአይ-67፦ 60 በመቶ» የሚልም አለ። ሰው ሁሉ «ኃይለኛ ነው» ስላለን አባቴ ቀዶ ሕክምናውን እምቢ ብለዋል። ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ አባትዎን ፈጣሪ ይማርልዎት። 60 በመቶ ማለት ካንሰሩ ያን ያህል ተሰራጭቷል ማለት አይደለም፤ የመዳን ዕድላቸው 40 በመቶ ነው ማለትም አይደለም።

ኬአይ-67 ሴል ለመባዛት ሲሰናዳና ሲከፈል የሚገኝ፣ ሲያርፍ ግን የሚጠፋ ፕሮቲን ነው። የፓቶሎጂ ባለሙያው ከናሙናው ስስ ቁራጭ መስታወት ላይ አድርጎ ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዝ ንጥረ ነገር ይጨምርበታል። ፕሮቲኑ ያለበት የሴል አስኳል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቡናማ ይሆናል። ከ100 የዕጢው ሴሎች 60ዎቹ ቡናማ ከሆኑ ውጤቱ 60 በመቶ ተብሎ ይጻፋል። ዕጢው ቶሎ ቶሎ እየተባዛ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የዕጢው ኃይለኛነት በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ሌሎች ፕሮቲኖችም ፍንጭ ይሰጣሉ። ኢ-ካድሄሪን ሴሎችን እንደ ስሚንቶ አያይዞ የሚይዝ ነው፤ ሲቀንስ የካንሰር ሴሎች ተላቀው ወደ ጎረቤት ሥጋ መግባት ይቀላቸዋል። ፒዲ-ኤል1 ደግሞ ካንሰሩ ተመልሶ ሲመጣ ወይም ወደ ሩቅ አካል ሲሰራጭ የኢሚውኖቴራፒ (የሰውነትን በሽታ ተከላካይ ኃይል ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ) መድኃኒት ለመምረጥ ይረዳል።

ሆኖም በአፍ ካንሰር ለኬአይ-67 ሁሉም የተስማማበት ወሰን የለም። ከአንድ ዕጢ ሁለት ቦታ የተወሰደ ናሙና እንኳ የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ይበልጥ የሚመካው በሦስት ነገሮች ነው፦ ዕጢው ስንት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ዘልቋል (5 እና 10 ሚሊሜትር ደረጃውን የሚለዩ ወሰኖች ናቸው)፣ የአንገት ንፍፊት ውስጥ ገብቷል ወይ፣ ተቆርጦ ሲወጣ ጠርዙ ከካንሰር የጸዳ ነው ወይ።

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምናውስ ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ ወደ ሩቅ አካል ላልተሰራጨ የምላስ ካንሰር ቀዳሚው ሕክምና እሱ ነው። በሕንድ ሙምባይ፣ በታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ገና በጅምር ላይ ያሉ ሕሙማንን አወዳድሯል። የአንገት ንፍፊታቸው ከዕጢው ጋር አብሮ ከወጣላቸው 80 በመቶው ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ንፍፊቱ እስኪያብጥ ከተጠበቁት ግን 67.5 በመቶው።

እንግዲህ ለአባትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ ዕጢው ፈጣን መሆኑ ቶሎ ለመታከም ምክንያት ነው እንጂ ሕክምና ለመተው አይደለም። ሲጋራውንም ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ቁስሉ ቶሎ እንዲሽር ይረዳል። ወደ ሐኪማቸው አብረዋቸው ይሂዱና የዕጢውን ጥልቀትና የአንገታቸውን ምርመራ ውጤት ይጠይቁ። ሌሎች አንባቢዎችም ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል ካለባችሁ፣ ባያምም እንኳ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ።